እንጅባራ ላሉት ማህደር ሰሪ ምስጋና፣ በፈቃድ ሽጉጥ ለምትይዙ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም የጎጃም ልጆች እንዴት ሰነበታችሁ። እንጅባራ አንድ የቆዳ ባለሙያ አሉ፣ ኮርቻ፣ ልጓም፣ ቀበቶ፣ የሽጉጥ ማህደር የሚሰሩ፣ እሳቸውን በአደባባይ ሳላመሰግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። ስማቸውን አልጽፍም፣ «ስሜን ኢንተርኔት ላይ እንዳታንከራትተው» ብለውኛል፣ ግን ኮርቻ የሚሰሩት አያ ብላችሁ ብትጠይቁ የከተማው ባጃጅ ያደርሳችኋል።

እኔ ቡሬ ላይ በቆሎና ጤፍ ነው የምነግደው። ቴሌብር መጣ ምን መጣ ገበሬው አሁንም ብሩን ቆጥሮ እጁ ላይ ካልያዘ እህሉን አይለቅልህም፣ ስለዚህ የገበያ ቀን ጥሬ ገንዘብ ይዘህ ነው የምትውለው፣ ፈቃድ ያወጣሁትም ለዚሁ ነው። ቤተሰብ ውስጥ የተመዘገቡ ሁለት ሽጉጦች አሉ፣ የአባቴ ቶካሬቭና የታላቅ ወንድሜ ማካሮቭ። አንዱ ወደኔ ስም ይዙር ሲባል የትኛው ይሁን በሚለው ቤቱ ሁለት ቦታ ተከፈለ። አባቴ ቶካሬቩን ውሰድ አሉ፣ ወንድሜ ማካሮቩን ውሰድ አለ፣ አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ በቪዲዮ ኮል ገብቶ ሁለቱንም ሙዚየም አስገቧቸው ማለት ጀመረ። በመጨረሻ ሦስታችንም፣ አባቴም ወንድሜም እኔም፣ መሳሪያውንም ወረቀቱንም ይዘን እንጅባራ ሄድን። ሀሳቤ ማህደር ማሰራት ብቻ ነበር።

ሰውዬው በደርግ ጊዜ ወታደር ቤት የመሳሪያ ጥገና ክፍል ነው የሰሩት፣ ቆዳው ከአባታቸው የወረሱት ሙያ ነው። ገና ቁጭ ሳንል «ወረቀቱ» አሉ። አባቴ በእድሜ ይበልጧቸዋል፣ ትንሽ ቅር አላቸው፣ እሳቸው ግን በትህትና «አንቱን ተጠራጥሬ አይደለም ጌታዬ፣ ያለ ፈቃድ የመጣ መሳሪያ እኔ ቤት አይለካም» አሏቸው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ነገሩ ቀልድ አይደለም፣ ወረቀት ሳያዩ ማህደር የሚሰፉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፣ እኔ እንደዛ ያለ ሰው ጋር እቃዬን አልሰጥም። ከዛ ሽጉጦቹን አንድ በአንድ ተቀብለው አፈሙዙን ወደ ግድግዳ አዙረው ካዝናውን አወለቁ፣ ስበው ጉሮሮውን በአይናቸው አዩ በጣታቸውም ነካ አደረጉ፣ ወንድሜ «ባዶ ነው እኮ አያ» ሲላቸው «ባዶ ነው የተባለው ነው ሰው የሚገድለው» ብለው እንደገና አዩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያስረዱ በጣም ነው የገባኝ። ማካሮቭ ርዝመቱ 16 ሴንቲ ነው፣ ባዶውን 730 ግራም፣ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። ቶካሬቩም የሚይዘው ያው 8 ነው፣ ግን 19 ሴንቲ ተኩል ገደማ ይረዝማል፣ 850 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ይህን ሁሉ ካሉ በኋላ ርዝመቱን ተወው አሉኝ፣ ልብስ ስር የሚያጋልጥህ በርሜሉ ሳይሆን እጀታው ነው፣ በርሜሉ ወደ ታች ወደ ሱሪህ ይገባል፣ እጀታው ግን ወደ ኋላ ወጥቶ ሸሚዝህን ይገፋል። እመነኝ ብለው ብቻ አልተዉኝም፣ ባዶውን ቶካሬቭ ወገቤ ላይ አስሻጡኝና ጥግ የነበረ ጆንያ አንሳ አሉኝ፣ ጎንበስ ስል ኮቴ ተሰብስቦ እጀታው ፊጥ ብሎ ወጣ፣ አባቴ ራሳቸው ሳቁ። በማካሮቩ ስደግመው ከኋላ የቆመው ወንድሜ ምንም አላይም አለ። እኔ ቀኑን ሙሉ ኩንታል ለኩንታል ጎንበስ ቀና የምል ሰው ነኝ፣ ቆሞ መስታወት ፊት ማየት ምንም አይጠቅመኝም ነበር።

ሁለተኛው ነገር ማቆሚያው ነው። ዋናው ሩሲያ ሰራሽ ቶካሬቭ በእጅ የሚዘጋ ሴፍቲ የለውም፣ ያለው መዶሻውን ግማሽ መንገድ ላይ የሚይዝ ጥርስ ብቻ ነው፣ እሱን ተማምኖ ጥይት አጉርሶ መሄድ አደጋ ነው፣ ቢወድቅብህ ሊተኩስ ይችላል። ማካሮቭ ላይ ግን በግራ በኩል ያለችዋን ቁልፍ ወደ ላይ ስታደርጋት መዶሻው በሰላም ይወርዳል፣ ይታገዳል፣ የላይኛው ብረትም ይቆለፋል። ሶቪየቶች በ1951 በፈረንጆቹ ማካሮቭን የቶካሬቭ ተተኪ አድርገው ሲቀበሉት ብዙው ሰው ማነሱን ብቻ ነው የሚያወራው፣ እሳቸው ግን ከማነሱ ይልቅ ይቺን ቁልፍ ነው የሚያደንቁት።

አባቴ መቼም ዝም አይሉ፣ «ቶካሬቭ እኮ ሲተኩስ ወንድ ነው» አሉ። እውነት ነው፣ ጥይቷ 7.62 በ25 ሚሊ ነች፣ ከማካሮቭ በጣም ትፈጥናለች። የአያን መልስ መቼም አልረሳውም፦ «ጌታዬ ልጅዎ የሚውለው ገበያ መሀል ነው፣ የሚፈጥን ጥይት ደግሞ ካለፈ በኋላ ከጀርባ ያለውን አይመርጥም»። አባቴ ከዛ በኋላ ስለ ኮርቻ ነው ያወሩት።

የአጎቴ ልጅ ነገር። እዛ አሜሪካ ኮንሲልድ ካሪ የሚሉት፣ ሽጉጥን ልብስ ስር ደብቆ መያዝ ማለት ነው፣ ሰፊ ነገር ነው፣ ህጉ እንደየግዛቱ ይለያያል፣ ገበያውም ለዚሁ ተብሎ በተሰራ ሽጉጥ የተሞላ ነው። ግሎክ 19 በለው፣ 15 ጥይት፣ ከዛ በ2018 በፈረንጆቹ የወጣው ሲግ ፒ365፣ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ሆኖ 10 ጥይት የሚይዝ፣ ከሱ በኋላ ሌሎቹም እየተሽቀዳደሙ አሳነሱ። ልጁ አልዋሸም፣ ቀላል ናቸው፣ ሲጉማ ቀጭንም ነው፣ በወገብ ለመያዝ ከማካሮቭ ይሻላሉ። አያም አልካዱም፣ ስልኩን ተቀብለው «እቃህ ጥሩ ነው ልጄ፣ ግን ወንድምህ እዚህ ነው ያለው» አሉት። እዚህ የሌለህን ሽጉጥ ከዩቲዩብ መምረጥ ምን ዋጋ አለው? ጥይቱም መለዋወጫውም ጠጋኙም በህጋዊ መንገድ የሚገኝልህን ነው መያዝ። በነገራችን ላይ ተጠንቀቁ፣ የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ነው፣ ግሎኩና ሲጉ የሚጎርሱት 9 በ19፣ ሁለቱም ዘጠኝ ሚሊ ስለተባሉ አንድ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት፣ አይለዋወጡም።

እና ማካሮቩ ተመረጠ። አሁን ማህደሩ ላይ ልምጣ፣ ምስጋናውም በዋናነት ለዚህ ነው።

ሰውዬው ሽጉጥህን አያስቀሩብህም። ከዋንዛ እንጨት ራሳቸው የቀረጹት የማካሮቭ ቅርጽ አላቸው፣ ከእቃህ ጋር አስተያይተው ለክተው ሽጉጥህን ይዘህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ፣ ቆዳው የሚቀረጸው በእንጨቱ ነው። ቆዳውን ለብ ባለ ውሃ ነክረው እንጨቱ ላይ ጠቅልለው በጣታቸውና በቀንድ እየተጫኑ ቅርጹን ያወጡታል፣ ከዛ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣም ይሰነጠቃል ይላሉ። ስፌቱ ሰም በተቀባ ክር ነው፣ በወስፌ እየበሱ በሁለት መርፌ ከግራም ከቀኝም፣ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። የሚመርጡት በእንጨት ቅርፊት የለፋ ቆዳ ነው፣ ፋብሪካ በክሮም የሚያለፋው ለስላሳው ቆዳ ለጃኬት እንጂ ለብረት አይሆንም፣ ውስጡ የሚቀረው ጨው ብረቱን ያዝገዋል፣ ቅርጽም አይዝም። የትኛውም ቆዳ ቢሆን ግን ሽጉጡን ማህደር ውስጥ አሳድራችሁ አታሰንብቱ፣ ላብና እርጥበት ይስባል፣ ቤት ስትገቡ አውጡት፣ ጥረጉት፣ ቆልፉበት። ልጅ ያለበት ቤት ይሄን መናገር ያለብኝ አይመስለኝም ግን ልናገረው።

ምላጩ ያለበት ቀለበት ሙሉ በሙሉ በቆዳ ይሸፈናል፣ ጣትም ቁልፍም የጃኬት ገመድም የማይገባበት ነው። አፉ ላይ ደግሞ ድርብ ቆዳ አድርገውበታል፣ ሽጉጡ ሲወጣ ማህደሩ አይጨማደድም፣ ስለዚህ በአንድ እጅ ትመልሰዋለህ። ገልብጬ አራግፌዋለሁ፣ ባዶውን ሽጉጥ ማለቴ ነው፣ አይወርድም፣ ስስበው ግን ይመጣል። ከተማ ላይ የሚሸጠው ያ ለሁሉም ይሆናል የሚባለው የጨርቅ ማህደር ከዚህ ጋር ስሙም አይነሳ። ትንሽ ወደ ፊት ዘመም ብሎ ከቀኝ ዳሌ ኋላ ነው የሚቀመጠው፣ ሚኒባስ ውስጥ ስትቀመጥ አይወጋህም።

ቀበቶ ካልገዛህ ማህደር አልሸጥልህም ማለታቸውን መጀመሪያ የንግድ ብልሃት መስሎኝ ነበር። አይደለም። ስስ ቀበቶ ላይ 730 ግራም ሲደመር ጥይቱ ተንጠልጥሎ ወደ ውጭ ይንጋደዳል፣ ያኔ የፈለገ ትንሽ ሽጉጥ ብትይዝ ይታያል። የሳቸው ቀበቶ 4 ሴንቲ ስፋት አለው፣ ድርብ ነው፣ እጀታውን ወደ ጎንህ ጭኖ ይይዘዋል።

ስለ ልብስም መከሩኝ። ጋቢ መሸፈን ይሸፍናል፣ ግን በችግር ሰአት እጅህን ጠልፎ ይይዝሃል፣ ስለዚህ ኮት ወይ ሰፋ ያለ ጃኬት። እንጅባራና ደብረ ማርቆስ ብርድ ስለሆነ ቀላል ነው፣ ባህር ዳር ወይም አባይ በረሃ ስትወርድ ነው ፈተናው፣ ለዛ ደግሞ ሸሚዝ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ ግዙ፣ ጠቆር ያለ ወይ ባለ መስመር ቢሆን ይመረጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር መሳሪያ ትከሻ ላይ ሲታይ ነው የሚያምረው፣ ምንሽር አንግቶ የማይኮራ ጎጃሜ የለም፣ ስለዚህ ሽጉጥን ደብቆ መያዝ ለብዙዎቻችን እንደ ፈሪነት ነው የሚታየው። ወንድሜ ይሄን ሲያነሳ አያ «ሰው ካየብህ ወይ ይፈራሃል ወይ ሊቀማህ ያስባል፣ ሁለቱም ለነጋዴ አይበጁም» አሉት። ባንክ በር ላይ ለጥበቃው ቀድማችሁ ንገሩት፣ ቤተ ክርስቲያንና ለቅሶ ቤት ይዛችሁ አትሂዱ፣ ጠላና አረቄ ያለበት ቦታማ ጭራሽ። ይሄ የሳቸውም የኔም ቃል ነው።

ጉድለታቸውን ካልጻፍኩ ማስታወቂያ ይመስላል፦ ቀጠሮ አያከብሩም። ሰኞ ካሉህ ሐሙስ ነው፣ ስልክም ሲሰሩ አያነሱም። በተለይ ከጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በአል በፊት አትሂዱ፣ ቤቱ በኮርቻና በልጓም ተጨናንቆ መግቢያ የለም፣ እኔ እንዳለፈ ነው የሄድኩት። እሁድና ትልልቅ በአላት ዝግ ናቸው። ዋጋ አልጽፍም፣ የቆዳ ዋጋ በየጊዜው ስለሚጨምር ነገ ተከራክራችሁ እኔን ነው የምትሰድቡት፣ ግን ቀብድ ከፍላችሁ ቀሪውን ሰርተው ሲያስረክቡ ነው፣ ስፌቱ ቢለቅ በነጻ ይሰፉላችኋል። ፈቃዳችሁን ያዙ፣ ሽጉጡን ካዝናውን አውልቃችሁ ያዙ፣ የምትለብሱትን ኮት ለብሳችሁ ሂዱ። ሌላ ሞዴል ያለው ሰው ቀድሞ ይጠይቅ፣ የእንጨት ቅርጹ ከሌላቸው አዲስ እስኪቀርጹ ይቆያል።

አያ፣ ልጅዎ ይሄን ካነበበልዎት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ። አባቴም ለቶካሬቩ ያዘዙትን አልረሱትም፣ መቼ ይድረስ እያሉኝ ነው።