ካርቶንና ወረቀታችሁን ለማን ትሰጣላችሁ? ከቦሌ አራብሳ

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ካርቶን ቤት እንዴት እንደሚያጣብብ ታውቃላችሁ። የፓስታው አለ፣ የሳሙናው አለ፣ ቴሌቪዥን ወይ ፍሪጅ የተገዛ ሰሞን ደግሞ በረንዳው ይሞላል። እኛ ሰፈር ይህን የሚወስዱ ሁለት ናቸው፤ የቆሻሻ ማኅበሩና ቆራሌው። ሁለቱንም እጠቀማለሁ፣ ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የማኅበሩ ልጆች ታታሪ ናቸው። ያንን ሁሉ ማዳበሪያ በጋሪ ሲገፉ ማየት ብቻ ይበቃል። ክፍያውም ከውሃ ቢል ጋር ስለሚመጣ ለብቻው መሯሯጥ የለም። ለምግብ ትራፊና ለቤት ጥራጊ ከእነሱ የተሻለ የለንም። ለወረቀት ግን አይሆኑም። ካርቶኑን አጣጥፌ፣ በገመድ አስሬ፣ ለይቼ ሰጥቼ ዓይኔ እያየ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር አንድ ላይ ተጫነ። በጣም ነው ያዘንኩት። ስጠይቅ «ለብቻ የምንጭንበት የለንም» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው፣ ጋሪው አንድ ነው። ግን ወረቀት አንዴ ወጥና ዘይት ከጠጣ አለቀለት። ፋብሪካ ውስጥ አሮጌ ወረቀት በውሃ ተበጥብጦ ነው እንደገና የሚሠራው፣ ዘይቱ ደግሞ በውሃ አይለቅም፣ አዲሱን ወረቀት ያበላሸዋል።

ቆራሌው ጋ ነገሩ ሌላ ነው። በር ድረስ ይመጣል፣ በእጅ ሚዛን ይመዝናል፣ ብር ይሰጣችኋል። ብሩ ትንሽ ነው፣ እሱን አስባችሁ አትጠብቁት። ሁሉም ቆራሌው ወረቀት አይወስድም፤ ብረት፣ ጀሪካንና ጠርሙስ ብቻ የሚፈልግ ብዙ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ። እኛ ጋ የሚመጣው ልጅ «እህቴ፣ ዝናብ እንዳይነካው ብቻ አስቀምጪልኝ» ይለኛል። የረጠበ ካርቶን ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ከልጁ የሚገዛው ግን ለውሃ አይከፍልም፣ ቶሎም ይሻግታል፤ ክረምት ላይ ኪሳራው የሚወድቀው እሱ ላይ ነው።

ለይታችሁ ብትሰጡት ደግሞ ያመሰግናችኋል። ካርቶን ለብቻ፣ ነጭ ወረቀትና ደብተር ለብቻ። ምክንያት አለው። ወረቀት ከእንጨት የተገኘ ቀጭን ጭረት ነው፣ በተሠራ ቁጥር ጭረቱ ያጥራል፤ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ያህል ከተመላለሰ በኋላ አይያያዝም። የካርቶን ጭረት ረጅም ስለሆነ ተመልሶ ካርቶን ይሆናል፣ የደከመው ወረቀት ደግሞ የእንቁላል መያዣ ትሪ ሊሆን ይችላል። ሰኔ ላይ የልጆች ደብተር ሲከማች የላስቲክ ሽፋኑንና ሽቦውን አውልቁለት። የባንክ ወረቀትና የመታወቂያ ኮፒ ካለ ደግሞ ቦጫጭቃችሁ ስጡ፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል።

ይህን ያህል የማጠብቀው ቆሻሻው የት እንደሚሄድ ስለማውቅ ነው። በ2008 ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ተከፈተ፣ የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፣ በወራት ውስጥ ሥራው ቆመና ቆሻሻው ተመልሶ ወደ አሮጌው ማስወገጃ ወደ ቆሼ ሄደ። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎቹ እዚያው ሥር ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ናቸው። በ2010 መጨረሻ ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመነጨው ጣቢያ ተመረቀ። ጥሩ ነው፣ ግን ደህና ካርቶን ከማቃጠል መልሶ ካርቶን ማድረግ ይሻላል። ክምር ላይ የሚወጣ ካርቶን ሁሉ ሰው ለይቶ ቢሰጠው ኖሮ እዚያ ባልደረሰ ነበር።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ለወረቀትና ለካርቶን ቆራሌው ነው፣ ያለ ምንም ማመንታት። ጉድለቱ ቀን የለውም፤ አንዳንዴ ይጠፋል፣ በረንዳ የሌለው ሰው ይቸገራል። ማኅበሩ ግን አንድ ነገር ቢያደርግ ሐሳቤን እቀይራለሁ፦ ጋሪው ጎን ላይ ለደረቅ ወረቀት ብቻ አንድ ማዳበሪያ ይስቀል። ሸጦ ገንዘቡን ራሱ ይውሰድ። የብሎካችሁ ኮሚቴ ሲሰበሰብ ይህን አንሱልኝ፣ እኔም የእኛ ብሎክ ላይ አነሳለሁ።