ሮቨር 2000 ቲሲ ስመርጥ ለረዱኝ መካኒክ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩና የቆየ የእንግሊዝ የቤት መኪና ለመግዛት የምታስቡ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ በሰሜን ቨርጂኒያ አሮጌ የእንግሊዝ መኪኖችን ብቻ የሚጠግኑ አንድ አንጋፋ መካኒክ የዋሉልኝን ውለታ በአደባባይ ለማመስገንና እናንተም እንድትጠቀሙባቸው ለመጠቆም ነው።

ልቤ ያረፈው ፒ6 በሚባለው የሮቨር መኪና ላይ ነበር። እዚህ አሜሪካ የእንግሊዝ መኪና ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ኤምጂን፣ ትራያምፍን ወይም ጃጓርን ነው፤ ባለአራት በሩን ሮቨር የሚያውቀው ጥቂት ነው። የአገራችንን የገጠር መንገድ ሲያዳርስ የኖረው ላንድሮቨርም የዚሁ ኩባንያ ሥራ ስለሆነ ግን ስሙ ለእኛ እንግዳ አይደለም። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1963 ሮቨር 2000 ተብሎ ወጣ፤ የምህንድስናው መሪዎች ስፔን ኪንግና ጎርደን ባሽፎርድ፣ የቅርጹ ነዳፊ ደግሞ ዴቪድ ባሽ ነበሩ። የአውሮፓ የዓመቱ መኪና የተባለውን ሽልማት በ1964 ከማንም ቀድሞ የወሰደው ይኸው መኪና ነው።

ሁለት ምርጫ ነበረኝ። አንደኛው 3,528 ሲሲ ሞተር ያለውንና 3500 የተባለውን ባለ 8 ሲሊንደር ፒ6 ከእንግሊዝ ማስመጣት ነው፤ ዕድሜው 25 ዓመት የሞላው መኪና የፌዴራሉን የደኅንነት መስፈርት እንዲያሟላ ስለማይጠየቅ ይህ የሚቻል ነገር ነው። ሁለተኛው ሮቨር ፒ6ን እዚህ ገበያ መሸጥ ካቆመበት ከ1971 በፊት የገባ፣ መሪው በግራ የሆነና ሁለት ካርቡራተር ያለው 2000 ቲሲ መፈለግ ነው። መካኒኩን ሳማክራቸው ስለ ሞተሩ ከማውራታቸው በፊት ስለ አጽሙ አስረዱኝ። የፒ6 አካል ከብረት የተበየደ አንድ ወጥ አጽም ሲሆን፣ ፓራፋንጎው፣ በሮቹና ጣሪያው በብሎን የሚታሰሩበት ልባስ ብቻ ናቸው፤ ኮፈኑም አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም። በዚህ ምክንያት ከውጭ የሚያብረቀርቅ ፒ6 ውስጡን ዝገት በልቶት ሊሆን ይችላል፤ የዛገ ፓራፋንጎ በሌላ ይተካል፣ የዛገ አጽም ግን መኪናውን ሙሉ በሙሉ መፍታት ይጠይቃል።

መጀመሪያ ያየነው ባለ 8 ሲሊንደር መኪና ቀለሙ አዲስ፣ ሞተሩም ድምፁ የተስተካከለ ነበር። እርሳቸው ግን የኋላውን መቀመጫ አነሱና የእጅ ባትሪያቸውን ከኋላ በር ወደሚቀጥለው ምሰሶ ሥር አስጠግተው ላሜራውን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ እያሉ መቱት። ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ጥርት ብሎ ሲመጣ፣ አንድ ስንዝር አለፍ ብሎ የታፈነ ሆነ፤ በቀለሙ ስር ያለው ጤነኛ ብረት ሳይሆን ዝገቱን የሸፈነ ስቱኮ ነበር። የኋላውን ጎማ የሚይዘው ክንድ የሚታሰረው ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው። ያንን መኪና ገዝቼ ቢሆን ኖሮ የብየዳው ሥራ ለእርሳቸው ጋራዥ የወራት ገቢ ይሆን ነበር፤ እርሳቸው ግን ሳያመነቱ እንድተወው ነገሩኝ። የማመሰግናቸው ከምንም በላይ ለዚህ ነው።

በእርሳቸው ምክር የመረጥኩት በደረቁ በአሪዞና የኖረውን 2000 ቲሲ ነው። ቀለሙ ፀሐይ የበላው፣ የመቀመጫው ቆዳ የተሰነጣጠቀ ቢሆንም አጽሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጤነኛ ነው። ጉድለቱንም አልሸሸጉኝም። የኋላ የፍሬን ዲስኮቹ ያሉት እንደ ሌላው መኪና ጎማው ዘንድ ሳይሆን መሀል ላይ፣ የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው ከዲፈረንሻሉ ግራና ቀኝ ስለሆነ፣ የዘይት መከላከያው ሲያረጅ ዘይቱ በቀጥታ ዲስኩ ላይ ይረጫል። ዲስኩን በጣታቸው ጠርገው ዘይቱን አሳዩኝ፤ ለመድረስ አስቸጋሪ ስለሆነ የጉልበቱ ዋጋ ከዕቃው ዋጋ እንደሚበልጥም ግምቱን ከግዢው በፊት በጽሑፍ ሰጡኝ። የተከፈለው ሒሳብ ከዚያ ግምት አላለፈም። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በሚያገናኘው የዴ ዲዮን ቱቦ ላይ ያለውን የላስቲክ ሽፋንም ውስጡ ያለው ዘይት እንዳይፈስ አብረው ቀየሩት። አሁን መኪናው በሸካራ መንገድ ላይ እንኳ ተረጋግቶ ይሄዳል፤ ፒ6ን ያስወደደኝም ይኸው ጠባዩ ነበር።

ወደ እርሳቸው ለምትሄዱ አስቀድሜ የማሳውቀው፣ በአንድ ጊዜ የሚቀበሉት መኪና ጥቂት ስለሆነ ወረፋ መጠበቅ ግድ ነው፤ አዲስ መኪናም አይነኩም። የምርመራ ዋጋቸው መኪናውን ብትገዙም ባትገዙም የሚከፈል ሲሆን፣ በእኔ ግምት ተገቢ ነው። አንዳንድ ዕቃ ከእንግሊዝ ስለሚመጣ ጊዜ ይወስዳል፤ እርሳቸው ግን ያልደረሰውን ደርሷል አይሉም። ስልካቸውን ያለፈቃዳቸው እዚህ ማውጣት ስላልፈለግሁ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እሰጣለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የኋላው መቀመጫ ተነስቶ የተነሳ ፎቶ ከሻጩ ተቀበሉ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እርሱን ነው።