በጎንደር የክረምት የአባከስ ትምህርት፦ ለመደመርና ለመቀነስ ጥሩ፣ ለገበያ ግን ገና

ክረምት ሲገባ ፒያሳ አካባቢ «ልጅዎ ከካልኩሌተር ይፈጥናል» የሚሉ የአባከስ (በዘንግ ላይ በተሰኩ ዶቃዎች የሚሰላበት መቁጠሪያ) ትምህርት ማስታወቂያዎች መለጠፋቸው አይቀርም። ከእነዚህ ክፍሎች የአንዱ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ የሚሰጠው፣ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ገንዘቡ አይቆጭም። ለሁለተኛው ደረጃ ለመክፈል ግን ባይቸኩሉ ይሻላል።

አባከሱ ከትምህርቱ ክፍያ ለብቻ ይሸጣል። ከሌላ ቦታ የሚገዛ ወላጅ ዶቃውን ይቁጠር። የሚፈለገው ጃፓኖች ሶሮባን የሚሉት ነው፤ በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ከአግዳሚው በላይ 5 የሚቆጠር አንድ ዶቃ፣ ከታች እያንዳንዳቸው 1 የሚቆጠሩ አራት ዶቃዎች አሉት። ላይ ሁለት ታች አምስት ያለው የቻይናው ነው፤ ያሰላል፣ ግን መምህሩ ከሚያሳየው ስለሚለይ ልጁ ይምታታል። አሥር አሥር ዶቃ የተሰካበት የሽቦ መቁጠሪያማ የአጸደ ሕፃናት ነው። ዶቃው ልል መሆኑንም ይፈትሹ፤ ጠረጴዛው ሲነቃነቅ ከተንሸራተተ ልጁ ያልደመረውን ቁጥር ያነባል።

የክፍሉ ጥንካሬ ጣት ላይ ነው። የታቹን ዶቃ ወደ ላይ የሚገፋው አውራ ጣት ብቻ ነው፤ ሌላው ሥራ ሁሉ የሌባ ጣት ነው። መምህራኑ ይህን ሳያሰልሱ ያርማሉ፣ ደግ አደረጉ፤ ፍጥነት የሚመጣው ከዚህ ነውና። ቀጥሎ የ5 ጓደኛ (ተደምረው 5 የሚሆኑት፦ 1 ከ4፣ 2 ከ3) እና የ10 ጓደኛ (ተደምረው 10 የሚሆኑት፦ 1 ከ9፣ 2 ከ8፣ 3 ከ7፣ 4 ከ6፣ 5 ከ5) ይሸመደዳል። 8 ላይ 4 ለመደመር ዶቃ አይበቃም፤ ስለዚህ የ4ን ጓደኛ 6ን ይቀንሱና በግራው ዘንግ ላይ አንድ ይጨምራሉ፣ 12።

ልጆች የሚወድቁበት ቦታ 7 ሲደመር 6 ነው። 4 ተቀንሶ 10 መጨመር አለበት፤ 7 ላይ ግን ታች የቆሙት ዶቃዎች ሁለት ብቻ ስለሆኑ 4ን መቀነስ ራሱ ሌላ ጓደኛ ይጠይቃል፦ 5 ይነሳል፣ 1 ይመለሳል። መልሱ 13 ነው። ልጁ 12 ካለ አንዷን መመለስ ረስቷል፤ 18 ካለ አምስቷን አላነሳም። ቤት ሆኖ የሚያግዝ ወላጅ ይህን ካወቀ «ተሳስተሃል» ከማለት ይልቅ የሳተውን ጣት ያሳየዋል። ክፍሉ ግን ትክክልና ስህተት ብቻ ቆጥሮ ደብተሩን ይመልሳል፤ ለዚህ ክፍያ ይህ ያንሳል።

ሁለተኛው ደረጃ አባከሱን ነጥቆ በሐሳብ እንዲያዩት ያደርጋል። ዘዴው ትክክል ነው፣ ጥድፊያው ነው ችግሩ። አሥር ባለአንድ አሃዝ ቁጥሮች በእጁ ሳይሳሳት ያልደመረ ልጅ በምናቡ የሚያየው ዶቃ የለውም። መለያው ቀላል ነው፤ ቁጥር ሲነገረው ጣቶቹ አየር ላይ ከተንቀሳቀሱ አባከሱ ገብቶታል። ጣቱ ቆሞ ከንፈሩ ብቻ ከተንቀሳቀሰ እንደ ድሮው በወረቀት ዘዴ እየቆጠረ ነው፤ አንደኛውን ደረጃ ይድገም።

ትልቁ ጉድለት ገበያ ነው። አራት አሃዝ የሚደምር ልጅ ቅዳሜ ገበያ ይዘውት ቢሄዱ ይደናገራል፣ ምክንያቱም ኩንታልን ወደ ኪሎ የሚያወርደው የለም። ኩንታሉ 14,600 ብር ከተባለ ሁለት ዜሮ ይነሳና ኪሎው 146 ነው። አሥራ ሁለት ኪሎ ማለት 1,460 እና 292፣ 1,752። ከ2,000 ብር መልሱን ለማወቅ መቀነስ አያስፈልግም፤ 48 ቢጨመር 1,800፣ 200 ቢጨመር 2,000፣ በቃ 248። አሥራ አምስት በመቶው ቫትም እንዲሁ ነው፤ የ840 ብር ዕቃ አሥር በመቶው 84፣ ግማሹ 42፣ ድምሩ 126። ይህን ሁሉ ለማስተማር ሁለት ሰዓት ይበቃል።

በጎንደር ደግሞ ለልምምድ የሚሆን ስሌት ሩቅ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማውጫ ስሌት) ተማሪ ለ2018 ዓ.ም. ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረውን 5500 ደምሮ 7518 ይላል፤ በ19 ሲካፈል ቀሪው 13፣ አንድ ሲቀነስ ወንበር የሚባለው ቁጥር 12፤ በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ (ሠላሳ ሠላሳው ሲጣል) የሚቀረው፣ አበቅቴ የሚባለው፣ 12። ማባዛትም ማካፈልም ቀሪም በአንድ ጥያቄ! የክፍሉ መልመጃ ቀሪ ያለው ማካፈል ጨርሶ የለውም።

የሚመዘገብ ሰው አንድ ነገር ያስብበት። አባከስ ከግራ ወደ ቀኝ ይደምራል፣ ትምህርት ቤት ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ። መስከረም ላይ መልሱን ብቻ የጻፈ ልጅ «አሠራሩን አሳይ» ይባላልና፣ በነሐሴ መጨረሻ «ሦስት ጽፌ አንድ ይዤ» የሚለውን በወረቀት ቤት ያለማምዱት፤ ክፍሉ ይህን አይሠራም።