ለዝናብ ውሃ የፒኤች ፔን ወይስ የቲዲኤስ ፔን? ከመግዛትዎ በፊት

ክረምት ሊገባ ሲል በየዓመቱ ያው ጥያቄ ይቀርብልኛል፤ «ከጣሪያዬ የማጠራቅመው ዝናብ አሲድ እንዳለበት ለማወቅ የትኛውን መለኪያ ልግዛ?» ጠያቂዎቹ በአብዛኛው እዚሁ ባሕር ዳር ቤት የሠሩ ወዳጆቼና የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የሚመሩ መምህራን ሲሆኑ፣ ከመጠየቃቸው በፊት የፒኤች ፔን፣ ማለትም የውሃን አሲድነት የሚለካውን (7 ገለልተኛ ነው፤ ከዚያ በታች አሲድ ነው)፣ ለመግዛት በልባቸው ወስነዋል። እኔም ከሦስት ዓመት በፊት እንዲሁ ወስኜ 2,600 ብር ከፍያለሁ። ዛሬ ግን አስቀድሜ የማሳያቸው በ850 ብር የገዛሁትን የቲዲኤስ ፔን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን የሚገምተውን ነው።

ምክንያቴ ዋጋው ብቻ አይደለም። ንጹሕ ዝናብ እንኳ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሟሟበት ፒኤቹ 5.6 ገደማ ነውና፣ ከ7 በታች ያነበበ ሁሉ ሊደነግጥ አይገባም። ከዚያ ይበልጥ ዝቅ የሚያደርጉት ከነዳጅ ጭስ የሚወጡት የሰልፈርና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ወደ ሰልፈሪክና ናይትሪክ አሲድ ሲለወጡ ነው። ይሁን እንጂ በጋው ረጅም በሆነበትና የውስጥ ለውስጥ መንገዱ አቧራ በሚያቦንንበት ከተማ፣ በአቧራው ውስጥ የሚገኝ ካልሲየም ካርቦኔትና ከእበት የሚተን አሞኒያ አሲዱን ሊያመክኑት ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ፒኤቹ 6.5 ሆኖ ውሃው ደህና ይመስላል፤ ከአሲዶቹ የቀሩት ሰልፌትና ናይትሬት ግን እዚያው አሉ። የቲዲኤስ ፔን የሚለካው የውሃውን ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት በመሆኑ፣ አሲዱ ቢመክንም የሟሟውን አዮን (ኤሌክትሪክ ሙል ያለውን ቅንጣት) ያሳያል። ምን ዓይነት አዮን እንደሆነ ግን አይለይም።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በግንቦት ነው። የከሰሉ ጭስ፣ የባጃጁ ጭስ፣ የግንባታው ሲሚንቶ፣ ኅዳር 12 የምናጥነው ቆሻሻ ሳይቀር ወራቱን ሙሉ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ከርሞ በመጀመሪያው ዝናብ ይታጠባል። አምና ከአሸንዳው በመጀመሪያ የቀዳሁት በቲዲኤሱ ፔን 74 ፒፒኤም (በሊትር ሚሊግራም) ያሳየኝ ሲሆን፣ ዝናቡ ግማሽ ሰዓት ከዘነበ በኋላ ወደ 9 ወረደ፤ በርሜሉን ከአሸንዳው ሥር ያስጠጋሁትም ያኔ ነው።

የፒኤች ፔኔ መጨረሻ አያምርም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በደረቁ መሳቢያ ውስጥ ስላስቀመጥኩት የኤሌክትሮዱ (ውሃው ውስጥ የሚገባው የመለኪያው ጫፍ) መስታወት ደርቆ፣ ኮምጣጤ ውስጥም ቢነከር 6.9 ይል ጀመር። ጠጋኙ ከፍቶ ሲያየው ኤሌክትሮዱ ከሰርኪዩቱ ጋር የተበየደ ስለነበር መለዋወጫ አልተገኘለትም፤ ለመክፈቻ ብቻ 200 ብር ተቀበለኝ። እንዲህ ያለው ኤሌክትሮድ ክዳኑ ውስጥ ፖታሲየም ክሎራይድ የተባለ ጨው በሟሟበት ውሃ እየራሰ መቀመጥ አለበት። ብዙዎች እንደሚያደርጉት ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍም ይጎዳዋል። የፔኑን ንባብ ማስተካከያ ዱቄቶቹ፣ ውሃ ውስጥ ሲሟሙ ፒኤቻቸው 4.01 እና 6.86 የሚሆኑት፣ ለየብቻ ይገዛሉ፤ እነርሱንና ባትሪውን ስደምር የከፈልኩት 3,400 ብር ደርሶ ነበር። በዚያ ላይ ዝናብ አዮኑ ጥቂት ስለሆነ ንባቡ እስኪረጋ ደቂቃዎችን መጠበቅ ግድ ነው። የፒኤች ወረቀትማ በእንዲህ ያለ ውሃ የራሱ ቀለም ንባቡን ስለሚያዛባው አልመክርም።

የቲዲኤስ ፔንም አስመሳይ አለው። አንድ ወዳጄ በ400 ብር የገዛው ማንኛውንም ውሃ 120 ይል ነበር። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ጠርሙስ ዲስቲልድ ውሃና አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ ይዘው ይሂዱ፤ በመጀመሪያው ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ፣ በሁለተኛው እጅግ ከፍ ያለ ቁጥር ካላሳየ ይመልሱት። ንባቡን በአሥር አሥር የሚዘል ከሆነም ለዝናብ አይበጅም፤ በአንድ አንድ የሚቆጥረውን ይምረጡ።

መምህራን ስለ አሲድ ዝናብ ለተማሪ ለማሳየት የግድ ፒኤች ካስፈለጋቸው፣ ውድ ቢሆንም ኤሌክትሮዱ ተፈትቶ የሚለወጠውን ይግዙ፤ ሻጩንም ኤሌክትሮዱን ፊታቸው ፈትቶ እንዲያሳያቸው ይጠይቁት። ለቤት ግን የቲዲኤሱ ይበቃል። ጣሪያ ላይ ያረፈ የወፍ ኩስ የሚያመጣውን ጀርም ሁለቱም ስለማያሳዩ፣ 9 ያነበበውን ውሃ እኔም አፍልቼ ነው የምጠጣው።