ሶኬት ላይ የሚሰካው የቢምቢ ማባረሪያ፣ 1 ከ5

ፒያሳ አንድ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ነው የገዛሁት፣ ሻጩ ሰው የማይሰማው ድምፅ ያወጣል ቢምቢ በሙሉ ይሸሻል አለኝ እኔም አምኜ ከፈልኩ። ሁለት ሳምንት ማታ ማታ እየሰካሁት ተኛን፣ ልጄ ግን ጠዋት ስትነሳ ፊቷ ተነካክሶ ሳይ አንጀቴ ነው የሚላወሰው። ልመልሰው ብሄድ አንቀበልም አሉኝ።

ከዛ ማንበብ ጀመርኩ። በ2007 እ.ኤ.አ 10 የመስክ ሙከራዎችን አንድ ላይ ያየ ጥናት ወጥቷል፣ እንዲህ አይነት ማሽኖች ሰው ላይ የሚያርፈውን ቢምቢ ምንም አልቀነሱም። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፣ እንቁላል ለመጣል የደም ፕሮቲን ስለሚያስፈልጋት፣ ወንዱ የአበባ ፈሳሽ ነው የሚጠጣው። እኛን ደግሞ የምታገኘን በምንተነፍሰው ካርቦንዳይኦክሳይድ፣ በላባችን ሽታና በገላችን ሙቀት ነው፣ እና የተኛ ልጅ ይሄን ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ እያወጣ ድምፁ ምን ያደርጋታል?

አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነች ወባ ብዙ አያሰጋንም፣ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄን ነገር ይዞ አዳማ ወይ አዋሽ ሄዶ ያለ አጎበር የሚተኛው ሰው ነው። እባካችሁ እዛ ይሄን አትመኑ!

እኔ አሁን አጎበር ሰቅያለሁ፣ ጫፉንም ፍራሽ ስር እጠቀጥቀዋለሁ። ግቢ ያለውን የውሃ በርሜል ሳየው ደግሞ እጮቹ ውስጡ ይርመሰመሳሉ፣ ደፋሁት፣ ፈግፍጌ አጥቤ ከደንኩት።