ኦብጀክት አይዲ ለቤተ ክርስቲያን ቅርስ መዝጋቢዎች

በበጎ ፈቃድ የአብያተ ክርስቲያናት ቅርስ ለምንመዘግብ ሰዎች ኦብጀክት አይዲ፣ ማለትም አንድ ቅርስ ቢሰረቅ ለመለየት የሚረዳ መረጃ የሚሞላበት ቅጽ፣ በጣም ይመቻል። በ1997 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ነው፤ አሁን የሚያስተዳድረው ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት፣ ኢኮም ነው።

እኔን ያስደሰተኝ «መለያ ምልክት» የሚለው ክፍል ነው። «የብር መስቀል» ብሎ ማለፍ ምን ይረባል? የብር መስቀል ስንቱ አለ! የግራ ክንዱ ጫፍ መጣመሙን፣ እጀታው ተሰብሮ መበየዱን ጻፉ። ቢሰረቅ የሚለየው በዚያ ነው። ፎቶ ስታነሱ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጉ። ፍላሹን ግን አጥፉት፣ ብር ላይ ያንጸባርቃል።

ጉድለት አለው። ዕቃው አሁን የት እንደተቀመጠ የሚጻፍበት ቦታ የለውም፤ የቱ ሣጥን፣ የቱ መደርደሪያ? እኔ ከቅጹ ጀርባ በእርሳስ እጨምራለሁ፤ ቦታው ሲቀየር ለማጥፋት ይቀላል።