ናይም፦ የኤክሴል መዝገብን ወደ ዳታቤዝ ለሚያስገቡ ሁሉ

ከጅማ ዙሪያ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የእሸት ቡና ግዢ መዝገብ በኤክሴል ይደርሰኛል። የአባሉ መለያ ቁጥር፣ ኪሎው፣ የተከፈለው ብር፣ የደረሰኙ ቁጥር፣ ቀኑ። ሁሉንም ወደ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ የማስገባው ናይም በተባለው ፕሮግራም ነው፤ ተመሳሳይ ሥራ ላለባቸው ሁሉ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ።

ናይም በጀርመን ኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 መሠራት ጀምሮ በ2006 የወጣ ነው። በኮምፒውተር ላይ የሚጫነው በነፃ ይገኛል፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥም ሥራው አይቆምም። ሥራው ኖድ በሚባሉ ትንንሽ ሳጥኖች ይከፋፈላል፤ አንዱ ፋይሉን ያነባል፣ አንዱ ያጣራል፣ አንዱ ከዳታቤዙ ጋር ያገናኛል። ከእያንዳንዱ ሥር ያለው መብራት አረንጓዴ ሲሆን ያ ክፍል ተጠናቋል ማለት ነው። ኮድ የማይጽፍ ባልደረባም መረጃው በየት በኩል እንዳለፈ በዓይኑ መከተል ይችላል።

ከሁሉ የምወድለት ወደ ዳታቤዝ መጻፍን አንድ ሥራ አድርጎ አለመቁጠሩን ነው። ዲቢ ራይተር የሚባለው ኖድ ሠንጠረዡ ከሌለ ራሱ ይፈጥራል፣ ካለ ይጨምርበታል። ነባሩን ሠንጠረዥ አስወግድ የሚለው ምርጫ ምልክት ከተደረገበት ግን የቀደመውን አጥፍቶ አዲስ ይሠራል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያው ጭነት ብቻ ተጠቀሙበት። ዲቢ ኢንሰርት ባለ ሠንጠረዥ ላይ ረድፍ ይጨምራል፣ ሌላ ነገር አይነካም። የእኔ የዘወትር ምርጫ ዲቢ መርጅ ነው። ማኅበራት መዝገባቸውን አርመው ደግመው ይልካሉ፤ አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ከገባ ገበሬው ያልተቀበለው ብር እንደ ተከፈለው ሆኖ ይታያል። መርጅ በማኅበሩ መለያና በደረሰኙ ቁጥር ይፈልግና ካገኘ ያድሳል፣ ካላገኘ አዲስ ረድፍ ያስገባል። እያንዳንዱ ረድፍ ምን እንደ ገጠመው የሚገልጹ ዓምዶችም ማስጨመር ይቻላል። ያልገቡትን ለይቼ ለማኅበሩ ጸሐፊ እልካለሁ፤ ጸሐፊውም የትኛውን ደረሰኝ እንደሚያይ ያውቃል።

ቀን ላይ ግን ጥንቃቄው የእናንተ ነው። ናይም የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ኅዳር 15 ቀን 2016 በመዝገቡ 15/03/2016 ተብሎ ይጻፋል፤ ወደ ቀን ዓይነት ስትቀይሩት እንደ አውሮፓውያን ማርች ተቆጥሮ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ያልፋል። ትክክለኛው እንደ አውሮፓውያን ኖቬምበር 25 ቀን 2023 ነው፤ የዓመታት ስሕተት ማለት ነው። ጳጉሜን ይሻላል፤ 13ኛ ወር ስለማይታወቅ ቢያንስ ስሕተቱ ይታያል። እኔ ሁለቱን አቆጣጠሮች ቀን በቀን ጎን ለጎን የያዘ ሠንጠረዥ አዘጋጅቻለሁ፤ ጆይነር በሚባለው ኖድ ከመዝገቡ ጋር አገናኘዋለሁ። ወደ ዳታቤዙ የሚገቡት ሁለቱም ናቸው፦ በገበሬው ደረሰኝ ላይ ያለው ቀን እንደ ጽሑፍ፣ የተቀየረው እንደ ቀን። ገበሬ ደረሰኙን ይዞ ሲመጣ በእጁ ያለውን ቀን ዳታቤዙ ውስጥ ልናሳየው ይገባል፤ ይህን ለማንም አልተውም።

የሚጎድለውም አለ። ብዙ ማኅደረ ትውስታ ይፈልጋል፣ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይከብዳል። ገጹ በእንግሊዝኛ ነው። በተወሰነ ሰዓት በራሱ እንዲሠራ የሚያደርገው አገልግሎት ይከፈልበታል፤ ሳምንታዊ መዝገብ ለሚያስገባ ሰው ግን እሱ ባይኖርም ይቻላል።

የዳታቤዝ ሰርቨር ከሌላችሁ በኤስኪውኤላይት ጀምሩ። ማገናኛው ከናይም ጋር አብሮ ይመጣል፣ ዳታቤዙም አንድ ፋይል ብቻ ነው። ወደ ፖስትግሬስ ስትሻገሩ የምትቀይሩት በዋናነት የማገናኛውን ኖድ ይሆናል።